አምስተኛው ቅርጫት

ፌብሯሪ 1፣ ቅዳሜ

ዛሬ የቅዱስ ትሪፎን ቀን ነው። የወይን ገራዦች ጠባቂ ስለሆነ በዕለቱ ብረት ወይን አይነካም። ደግ፣ አይንካ። ግን ትናንት የማን በዓል ነበር? ከትናንት ወዲያስ? አማቼ አርቴሚዮስ ጃንዋሪን ሙሉ አንድ ግንድ ሳይገርዙ አሳለፉት። ሰኞ ነፋሱ ነው፣ ማክሰኞ ጉልበታቸው ነው፣ ረቡዕ መቀሱ ደንዟል። መቀሱን ወስጄ አሳልኩት። ሐሙስ ደግሞ "ጨረቃዋ ደስ አላለችኝም" አሉኝ። ሰማዩ እኮ ደመና ነበር፤ የትኛዋን ጨረቃ እንዳዩ እሳቸው ያውቃሉ።

ሁለት መቶ አርባ ግንድ ቆሞ ይጠብቃል። ማርች ሳይገባ ካልተገረዘ፣ የቀረው ሐረግ ደግሞ በግንዱ ዙሪያ እንደ ቅርጫት ካልተጎነጎነ፣ የጸደዩ ነፋስ እንቡጡን አራግፎ ባሕር ይከተዋል። ይህን ያልኩት እኔ አይደለሁም። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ እሳቸው ናቸው ሲሰብኩኝ የኖሩት።

ከቅዳሴ በኋላ ቄሱ እንደ ልማዳቸው ጠበል ሊረጩልን እስከ ወይኑ ድረስ ወረዱ። እየረጩ ሳለ መሬቱ ነቅነቅ አለ፤ ቄሱ አላቋረጡም። መስቀሉን ሲያቀርቡላቸው አማቼ የቄሱን አውራ ጣት ሳሙ። ቄሱ ሳቁ፣ እኔ ግን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። በሰባ ዘጠኝ ዓመት ዕድሜ በመስቀል ይቀለዳል?

ፌብሯሪ 3፣ ሰኞ

ከትናንት ጀምሮ አሥራ አንድ ጊዜ ነቀነቀን። የምሠራበት የትምህርት ቤት ወጥ ቤት ተዘግቷል፤ ተማሪዎቹም ከነወላጆቻቸው መርከብ ላይ ናቸው። የመዋኛ ገንዳ ያለው ሰው ሁሉ ውሃውን እንዲያፈስ ታዟል። ደሴታችን ሳንቶሪኒ እንዲህ ባዶ ስትሆን አይቼ አላውቅም።

ጎረቤቴ ዛምቤታ ሻንጣዋን እየጎተተች መጣች። "አንቺ ካሊሮይ፣ አብረሽኝ ካልሄድሽ እብድ ነሽ።"

"ሽማግሌው እንቢ ብለዋል።"

"ጠቅልለሽ ጫኛቸዋ።"

"ሰማንያ ኪሎ እልኸኛ በምንድን ነው የሚጠቀለለው?" አልኳት።

አማቼ ከጓዳ ወጡ። ዛምቤታ በሩ ላይ ፊት ለፊታቸው ቆማ ሳለች "ይቺ ደግሞ ማን ናት?" አሉ። ሃያ ስድስት ዓመት ግድግዳ የተጋራናትን ሴት። ባለፈው ዓመት ድመቷ ያደረቁትን የአሳማ ሥጋ ስለበላችባቸው ቂም ይዘዋል ማለት ነው። ዛምቤታ ተቀይማ ሄደች። ስትሄድ ግን ሰባት ዶሮዎቿን ጣለችብኝ። ዶሮዎቹ ከድንጋጤ የተነሳ እንቁላል መጣል አቁመዋል፤ መብላት ግን አላቆሙም።

ከሰዓት በኋላ የባሌ ወንድም ኢያኮቮስ ከአቴንስ ደወለ። "ለሁለታችሁም መርከብ ይዣለሁ። አባዬን ይዘሽልኝ ነይ።"

"አይመጡም።"

"ገረዙ?"

"ነገ ይጀምራሉ።"

"ቃላቸውን አልረሳሽም አይደል?" አለኝ።

አልረሳሁም። ባሌ ሎይዞስ በሞተ በአርባው፣ አማቼ ከማዕዱ ተነስተው "ይህን ወይን በገዛ እጄ መግረዝ እስከቻልኩ ድረስ ማንም አይሸጠውም። ያቃተኝ ቀን እንደፈለጋችሁ አድርጉት" ብለዋል። ኢያኮቮስ ቦታው ላይ የእንግዳ ማረፊያና ገንዳ መሥራት የሚፈልግ ሰው አለው። አራት ዓመት ሙሉ ያችን ቀን ይጠብቃል። ለእኔ ምን ገዶኝ። ልጅ አልወለድን፣ ቦታው በስሜ አይደለም። የሟች ሚስት ነኝ፣ አለቀ።

ፌብሯሪ 5፣ ረቡዕ

ቀኑን ሙሉ አላቆመም። ሁለት ሰሃን ተሰበረ፣ አንድ ማሰሮ የደረቀ ቲማቲም። ከቤታችን ጀርባ ባለው ዋሻ ውስጥ ያሉት የጣፋጩ ወይናችን፣ የቪንሳንቶ፣ በርሜሎች ደህና ናቸው። ቤትም ዋሻም ውስጥ አትደሩ ተብሏል፤ ፒክአፓችን ውስጥ ነው የምናድረው። አማቼ ያንኮራፋሉ። ምሳ ላይ ሾርባቸው ላይ ስኳር ነሰነሱበት። "አባባ፣ ስኳር ነው" ብላቸው "አውቄ ነው" አሉና ጭልጥ አደረጉት። እኔን ለማናደድ ሲሉ ስኳር የሚበሉ ሰው።

ፌብሯሪ 6፣ ሐሙስ

ዛሬ ተጣላን። የለየለት ጠብ።

"ነገ ጠዋት በመርከብ እሄዳለሁ" አልኳቸው።

"ሂጂ።"

"እርስዎስ?"

"እኔ እዚህ እያንዳንዷን ድንጋይ አውቃታለሁ። አቴንስ ሄጄ የቱን ግድግዳ ይዤ ልሂድ?"

"የሚንቀጠቀጠው እዚህ ነው እንጂ አቴንስ አይደለም። ግድግዳ መያዝ ለምን ያስፈልግዎታል?" አልኩ።

ከዚህ ሰው ጋር መነጋገር ውሃ መውቀጥ ነው። "ጋዜጣውን አንብቢልኝ፤ የዘንድሮ ቀለም ደካማ ነው" አሉኝ። እየተጣላን፣ ጋዜጣ። አነበብኩላቸው እንጂ ምን አደርጋለሁ። ስለ መንቀጥቀጡ አራት ገጽ ነበር፤ አራት ገጽ ሙሉ ማንም ምንም አያውቅም።

ሎይዞስ ቢኖር "ተያቸው፣ እንደ በቅሎ ናቸው፤ ሲጎትቷቸው ይቆማሉ" ይለኝ ነበር። ሎይዞስ ግን የለም። በቅሎው የእኔ ሆኖ ቀርቷል።

ፌብሯሪ 7፣ ዓርብ

ሻንጣዬን አሰናዳሁ። መርከቡ ጡሩምባውን ነፋ። ዶሮዎቹን ማን ያበላቸዋል ብዬ ቀረሁ።

በዶሮዎቹ ምክንያት ነው።

ፌብሯሪ 8፣ ቅዳሜ

ተመስገን፣ በመጨረሻ ወደ ወይኑ ወረዱ። ወረዱ ስል እኔን ይዘው ወረዱ። ካቡ ላይ ተቀመጡና "መቀሱን አንቺ ያዢው፣ ሙሽሪት። ወገቤ ዛሬ አልታዘዝ ብሎኛል" አሉ። ሃምሳ ሦስት ዓመቴ ነው፤ አሁንም ሙሽሪት ነኝ።

ሃያ ስድስት ዓመት "መግረዝ የሴት እጅ አይደለም" ሲሉኝ የኖሩት እኚሁ ናቸው። ሴት ትለቅማለች፣ ሴት ዘለላውን ፀሐይ ላይ ታሰጣለች፣ በርሜል ታጥባለች። መቀስ ግን አትነካም። ዛሬ ወገባቸው ስላመፀ ልማዱ በአንድ ጠዋት ተሻረ።

"ስንት ሐረግ አስቀረሽ?"

"ስድስት።"

"የትኞቹን?"

"ወፍራም ወፍራሞቹን።"

"ጅል። ወፍራሙ ቅጠል ብቻ ነው የሚያወጣው። የእርሳስ ያህል የሆነውን ነው የምታስቀሪው።"

"ይኸው ከፊትዎ ነው። ለምን አይመርጡልኝም?"

"ማስተማርና መሥራት አንድ ነው እንዴ?"

አንዱን ጎንጉኜ ስጨርስ መጥተው ተንበረከኩ። ፊታቸውን ወደ ባሕሩ አዙረው በጣታቸው ቅርጫቱን ዙሪያውን ዳሰሱት። አየት እንኳ አላደረጉትም፤ ይህን ያህል ነው የሚንቁኝ። "እዚህ ጋ ላልቷል" አሉ። እውነትም ላልቶ ነበር። ፈትቼ እንደገና ሠራሁት።

አሥራ አንድ ግንድ። እጄ ተልጧል። እሳቸው ካቡ ላይ ሆነው ፀሐይ ሲሞቁ ዋሉ። ሰው ሲያረጅ ይሰንፋል የሚሉት ውሸት አይደለም።

አንድ ነገር ብቻ ለራሳቸው አስቀርተዋል። በካቡ በኩል፣ ከካቡ ጫፍ ሲቆጠር አምስተኛው ግንድ ዘጠና ዓመት አልፎታል፤ ፍሬው ተሟጧል። የእንዲህ ያለውን ቅርጫት በሙሉ ከታች ቆርጠን እንጥለዋለን፤ አሮጌው ሥር አዲስ ግንድ ያወጣል። "እሱን እንዳትነኪ" አሉኝ። "የአባቴ እጅ ያለበት ነው። እኔ ነኝ የምቆርጠው።" ከእሱ ሁለት አለፍ ብሎ ሰባተኛው የሎይዞስ ነው። በሠርጋችን ዓመት ነው የጎነጎነው። ከወይኑ ሁሉ የእሱን ያህል የሚያፈራ የለም። ስገርዘው ብዙ ጊዜ ወሰደብኝ፤ ለምን እንደሆነ እንጃ።

ፌብሯሪ 10፣ ሰኞ

እስካሁን ትልቁ። የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ራሱ ደወለ። ዶሮዎቹ ጣሪያ ላይ ወጡ፤ አንዷ እስካሁን አልወረደችም።

ወይኑን ሮጬ አየሁት። ደህና ነው። የካቡ ጫፍ ብቻ ተንዶ ወደ መንገዱ ተንከባሏል፤ የሁለት ግንድ ያህል ርዝመት። ለአማቼ አልነገርኳቸውም። ሲሄዱ ያዩታል። ብነግራቸው "አሁኑኑ ካቢው" ይሉኛል፣ እኔ ደግሞ ዛሬ ድንጋይ የማነሳበት ጉልበት የለኝም።

ፌብሯሪ 12፣ ረቡዕ

ዛሬ ያናወጠኝ መሬቱ አይደለም።

ዶሮዎቹን ሳበላ አማቼ መጋዙን ይዘው ብቻቸውን ወርደዋል። ስደርስ ግንዱ ሥር ቁጭ ብለው ላባቸውን ይጠርጋሉ፤ የተቆረጠው ቅርጫት አጠገባቸው ወድቋል። ደስ ብሏቸዋል። "ጨረስኩ፣ ሙሽሪት። አባቴ ይማረኝ" አሉ።

የሎይዞስ ነበር።

ምን ብዬ እንደጮህኩ አላስታውስም። ባሕሩ ዳር ሰዎች ቢኖሩ ይሰሙኝ ነበር። "ምን አደረጉ? ምን ነው ያደረጉት?" ስላቸው ግራ በተጋባ ፊት አዩኝ። ማለትም ወደ እኔ ዞሩ። "አምስተኛውን ነው" አሉ። "ቆጥሬዋለሁ። አምስተኛው ነው።"

"የልጅዎን ነው የቆረጡት!"

"አምስተኛው ነው" አሉ እንደገና። ግግም አሉ። እልህ እስከዚህ ይደርሳል? ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ያፈራ፣ እንቡጡ ሁሉ ያበጠ ግንድ በእጃቸው ይዘው፣ ከአራት ቀን በፊት በእጄ የገረዝኩትን በመጋዝ እየቆረጡ፣ እንዴት አይለዩትም? ተሳስቻለሁ ማለት ያን ያህል ይከብዳል?

ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው የወደቀውን ቅርጫት ዳሰሱት። ጠርዙን ዞሩት። ሎይዞስ ሲጨርስ ሐረጉን ወደ ውስጥ የሚያጥፍበት የራሱ መንገድ ነበረው፤ ከአባቱ ጋር ሲጨቃጨቁበት ነው የኖሩት። እዚያ ላይ ሲደርሱ እጃቸው ቆመ። እኔ ጥያቸው ሄድኩ።

ፌብሯሪ 13፣ ሐሙስ

አንነጋገርም።

ፋቫ ክክ ቀቅዬ ያለ ሽንኩርት፣ ያለ ዘይት አቀረብኩላቸው። የሆስፒታል ምግብ። አሟጠው በሉት። "እግዜር ይስጥሽ" አሉ። በዚህ ቤት ስኖር ስለ ምግብ ሲያመሰግኑኝ የመጀመሪያቸው ነው፣ ያውም ላበሳጫቸው በሠራሁት።

ፌብሯሪ 14፣ ዓርብ

ዘጠኝ ግንድ። ብቻዬን። እሳቸው ከፒክአፑ አልወረዱም። የሁለት እግር ጫማቸው አንዱ ጥቁር፣ አንዱ ቡናማ። ዝም አልኳቸው። ይሳቅባቸው። ማን አለና የሚስቅ።

ፌብሯሪ 16፣ እሑድ

የተረሳ ገመድ ፍለጋ ወይኑ ድረስ ወርጄ ነበር። ካቡ በተናደበት ቦታ፣ አሁን በሚያልቅበት ጫፍ ላይ ቆምኩ። ድንጋዩ ላይ የጭቃ ጣት አለ፤ የእሳቸው የእጅ ምልክት። እጄን እዚያው ላይ አድርጌ ከዚያ ጀምሬ ቆጠርኩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት።

አምስተኛው የሎይዞስ ጉቶ ነው።

መልሼ ቆጠርኩ። ከዚያ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ተነስቼ ስንት ጊዜ እንደቆጠርኩ አላውቅም።

"ሲሄዱ ያዩታል" ብዬ ጽፌያለሁ። ገጹ ይኸው፣ የእኔው እጅ ጽሑፍ ነው። የቄሱ አውራ ጣት፣ ዛምቤታ፣ ስኳሩ፣ ጫማው፣ ሁሉም በእጄ ተጽፏል። ጽፌው አላነበብኩትም። ሌላውን አልጽፈውም፤ ደብተር ሰው እጅ ይገባል፣ ኢያኮቮስ ደግሞ በየመሳቢያው እጁን መክተት ይወዳል።

ቤት ገብቼ ጫማቸውን ጥንድ ጥንድ አድርጌ በበሩ ቀኝ አስቀመጥኩ። ስኳሩን ከጨዉ አራቅኩት። ከመተላለፊያው በርጩማውን አነሳሁ።

"ምን እየዞርሽ ታንኳኪያለሽ?" አሉኝ። ከሐሙስ ወዲህ የመጀመሪያው ቃል።

"ቤት እያጸዳሁ ነው። ጾም እየገባ አይደል?"

"ገና ሁለት ሳምንት አለው።"

"እንግዲያው ቀድሜ እያጸዳሁ ነው" አልኩ።

ፌብሯሪ 17፣ ሰኞ

ምሳ ላይ እንደዘበት "አባባ፣ ብቻዬን አልዘልቀውም። ወገብዎ ከተሻለው አብረን ብንወርድስ?" አልኳቸው። ተነሱ። ደጃፉ ላይ ክርኔን ያዙ። በሃያ ስድስት ዓመት አንዴም ክርኔን ይዘው አያውቁም።

"መንገዱ ላይ ድንጋይ በዝቷል" አሉ።

"አዎ፣ በዝቷል" አልኩ።

ግንዱ አጠገብ አደረስኳቸው፣ መቀሱን በእጀታው በኩል አስያዝኳቸው። ከዚያ ወዲያ እኔ አላስፈልግም ነበር። ቀጭኑን ከወፍራሙ በጣታቸው ይለያሉ፣ እንቡጡን በአውራ ጣታቸው ይቆጥራሉ፣ ሐረጉን ሳይሰብሩ ያጎብጡታል። እኔ አንድ ስጨርስ እሳቸው ሁለት። ሲሠሩ ያዜማሉም፤ ድምፃቸው አስቀያሚ ነው።

እንዲህ የሚቻል ከሆነ ጃንዋሪ ሙሉ ለምን ተቃጠልን? አንዲት ቃል ቢተነፍሱ ምን ነበረበት? "ሙሽሪት፣ እንዲህ ሆኜብሻለሁ" ማለት ስንት ቃል ነው? ቆጠርኩት፤ ሦስት ነው። ለሦስት ቃል ስስት የሎይዞስ ግንድ ሄደ። ግማሹ ጥፋት የማን እንደሆነ ደግሞ አውቃለሁ፤ እኔስ "ካቡ ተንዷል" ለማለት ሁለት ቃል አልነበር የጎደለኝ?

ፌብሯሪ 20፣ ሐሙስ

የጭስ ሐሙስ፤ ከጾም በፊት ሥጋ የሚጠበስበት። በሌላ ዓመት መንደሩ በጭስ ይታፈን ነበር። ዘንድሮ አንድ ጭስ ብቻ ነው ያለው፣ የእኛ። የአሳማ ጎድን ጠበስኩ፣ አማቼ ከበርሜሉ አንድ ብርጭቆ ቪንሳንቶ ቀዱ። ጣታቸውን ብርጭቆው ውስጥ አንጠልጥለው ነበር የቀዱት፤ እርጥቡ ሲነካቸው አቆሙ። አየሁ፤ አላየሁም።

ስንበላ ኢያኮቮስ ደወለ። እሑድ ይመጣል። "ወይኑን በዓይኔ ማየት አለብኝ" አለ። "ሰውየው መልስ እየጠበቀ ነው። አባዬ ካልገረዙ ቃል ቃል ነው።"

ስልኩን ዘጋሁት። አማቼ አጥንታቸውን እየጋጡ "ስንት ቀረን?" አሉ።

"ሰባ ሁለት።"

"እስከ ቅዳሜ?"

"ሰው ነኝ እኮ አባባ።"

"እኔስ ምንድን ነኝ?" አሉና ብርጭቋቸውን ወደ እኔ ገፉት። የቀረውን ጠጣሁት።

ፌብሯሪ 22፣ ቅዳሜ

ጨረስን፣ ከሁለት ግንድ በቀር። ሁለቱን ሆን ብዬ አልነካኋቸውም። ከወይኑ መግቢያ በር ስምንት እርምጃ፣ በስተግራ። ዛሬ ከበሩ እስከዚያ ሦስት ጊዜ ተመላልሰናል። ለምን እንደምንመላለስ አልነገርኳቸውም፤ እሳቸውም አልጠየቁ። በአራተኛው ብቻቸውን ሄዱ።

ጣቴ ስለተሰነጣጠቀ ብዕር መያዝ አቃተኝ። ነገ።

ፌብሯሪ 23፣ እሑድ

ኢያኮቮስ በቆዳ ጫማ መጣ። አመድ የመሰለው የእሳተ ገሞራ አፈራችን እስከ ቁርጭምጭሚቱ ሲውጠው በልቤ ደስ አለኝ። አባቱን ሳመ፣ እኔን በአንድ ጉንጭ ሳመ፣ ከዚያ ወይኑን ዞሮ ዞሮ አየ።

"ይህን ሁሉ አባዬ ናቸው የገረዙት?"

"አብረን ነው" አሉ አማቼ።

"ቃልዎ 'በገዛ እጄ' ነበር።"

አማቼ ከበሩ ተነስተው ስምንት እርምጃ ተራመዱ፣ ወደ ግራ ዞሩ፣ ተንበረከኩ። መቀሱ ኪሳቸው ውስጥ ነበር። ገረዙ፣ አጎበጡ፣ ጎነጎኑ። ኢያኮቮስ ስልኩን በእጁ እንደያዘ ረሳው። ሲጨርሱ እንኳን ሰው፣ ነፋስም የሚነቅለው አይመስልም ነበር።

"እጅዎ ያው ነው" አለ ኢያኮቮስ ቀስ ብሎ። ያዘነም፣ የተደሰተም መሰለኝ። ልጃቸው ነው፤ ክፉ ሰው አይደለም፤ ቸኩሎ ብቻ ነው።

በዚህ አልቆ ቢሆን ኖሮ። ወደ ካቡ ሄደና ቆመ። "ይሄ የሎይዞስ አልነበረም?"

ጣቱን ወደ አምስተኛው ግንድ ቀሰረ።

"የአያቴ እኮ ያውና፣ ቆሟል። ደረቁን ትቶ ለምለሙን የቆረጠው ማነው?" ዞሮ አባቱን አየ፤ ፊታቸውን አየ፣ ቆየት ብሎ አየ። "አባዬ? ይህን የቆረጡት እርስዎ ነዎት?"

አማቼ አፋቸውን ከፈቱ። ሊናገሩ ነበር። አውቃቸዋለሁ፤ ውሸት አይችሉም፤ ዝም ማለት ብቻ ነው የሚችሉት።

"እኔ ነኝ" አልኩ።

"አንቺ?"

"ቁጥር ተሳሳትኩ። በአሥረኛው ቀን መንቀጥቀጥ የካቡ ጫፍ ተንዶ ነበር። ከተናደበት ጀምሬ ቆጠርኩ።" ይህን ስል ኢያኮቮስን አላየሁም። አማቼ መቀሱን መሬት ላይ ሲያስቀምጡ ሰማሁ።

"የወንድሜን እጅ ነው የቆረጥሽው" አለኝ ኢያኮቮስ። "አራት ዓመት መቃብሩ ላይ ታለቅሻለሽ፣ ከዚያ ወርደሽ ይህን ታደርጊያለሽ። ሴት መቀስ ስትይዝ መጨረሻው ይሄ ነው። ቅርጫቱን ስትቆርጪው እንኳ አላወቅሽውም?"

"አላወቅኩትም" አልኩ። ምላሴ አመድ አመድ አለኝ። ሎይዞስን አላውቀውም ብዬ በአደባባይ መሰከርኩ።

"በቃ" አሉ አማቼ። "የተቆረጠ ተቆርጧል። ሥሩ አለ።"

ፌብሯሪ 24፣ ሰኞ

ኢያኮቮስ በጠዋቱ መርከብ ሄደ። "ሰውየውን ዘንድሮም አይሆንም እለዋለሁ" አለ። እንደ ወትሮው አንድ ማሰሮ ፋቫና ሁለት ጠርሙስ ይዞ ነው የሄደው። እኔን ግን አልሳመኝም።

አማቼ ስለ ትናንቱ አንድም ቃል አልተነፈሱም። "ምሳ ምንድን ነው?" ብቻ።

ፌብሯሪ 28፣ ዓርብ

ዛሬም ምንም። አምስተኛ ቀን። ወይ አመሰግናለሁ አይሉም፣ ወይ ለምን ዋሸሽ አይሉም። ግድግዳ ብሆን ይሻለኝ ነበር፤ እሱን እንኳ ይነኩታል።

ዶሮዎቹ እንቁላል ጀመሩ። መንቀጥቀጡ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ነው አሁን።

ማርች 3፣ ሰኞ

ጾም ገባ። ዛምቤታ ትናንት ተመልሳለች፤ ዶሮዎቿን ቆጥራ "ከስተዋል" አለችኝ። አንጀቴ አረረ፤ ግን ሳቅኩ። የጾሙን ቂጣ፣ ወይራ፣ በሽንኩርትና ኬፐር በሚባለው ኮምጣጣ እንቡጥ ያማረ ፋቫ ይዘን ሦስታችንም ወይኑ ውስጥ ተቀመጥን። ዛምቤታ ፊት ለፊታቸው ስትቀመጥ ድምፄን ከፍ አድርጌ "ዛምቤታ፣ ወይራውን አቀብያቸው" አልኩ። "ዛምቤታ፣ እንኳን በደህና መጣሽ" አሉ አማቼ። ደነገጠች። የድመቷ ቂም ቀረ ብላ ተደሰተች።

ምግቡ ሲያልቅ አማቼ እጃቸውን ዘረጉልኝ። "ወደ ጉቶው አድርሺኝ" አሉ። "አድርሺኝ" ነው ያሉት። በዚያ አፋቸው።

አደረስኳቸው። ተንበረክከው ጉቶውን በሁለት እጃቸው ያዙት፣ ከዚያ ጣታቸውን ደራርበው ከአፈሩ ወደ ላይ ለኩት። ብዙ ቆዩ።

"ከፍ አድርገሽ ነው የቆረጥሽው" አሉ።

"ማን? እኔ?"

"አንቺ ነሻ። ለኢያኮቮስ እንደዚያ አላልሽውም? ከአፈሩ ሦስት ጣት ነው የሚቆረጠው። ይሄ አምስት ነው። እንዲህ የቆረጠ ሰው ወይ ቸኩሏል ወይ ፈርቷል።"

ደሜ ፈላ። ሳምንት ሙሉ አንዲት ቃል ስጠብቅ የመጣችው ቃል ይቺ ናት። ስድቡን በእኔ ላይ አውርደው፣ የራሳቸውን አቆራረጥ እያስተማሩኝ ነው። መልስ ልሰጣቸው አፌን ስከፍት ጣቶቻቸው የሎይዞስን እጥፋት የሚፈልጉ ይመስል ጉቶውን ሲዞሩት አየሁ።

"እሺ አባባ" አልኩ። "ሌላ ጊዜ ዝቅ አደርገዋለሁ።"

"የአባቴን ለከርሞ አንቺ ነሽ የምትቆርጪው።"

"እሺ።"

እንዲነሱ ክርኔን ሰጠኋቸው። አልተነሱም። ፊታቸውን ካቡ ወደነበረበት፣ አሁን ባዶ ወደሆነው ቦታ አዞሩ።

"ከዚያ በፊት ግን ካቡን መልሰሽ ካቢልኝ፣ ሙሽሪት" አሉ። "ልክ እዚያው ላይ ይለቅ፣ ድሮ በሚያልቅበት።"

ነገ ጠዋት እጀምራለሁ። ዛምቤታ ድንጋይ ታቀብለኛለች፤ ወገቧን እንደሚያማት ከአሁኑ እየነገረችኝ ነው።